መብራቷን ማጥፋት ጥገና አይደለም

ከመሪው ጀርባ፣ ከፍጥነት መለኪያው ጎን፣ የሞተር ቅርጽ ያላት አንዲት ብርቱካናማ መብራት አለች። ሹፌሮቻችን «ቼክ ኢንጅን» ይሏታል። ቁልፍ ሲከፈት ትበራለች፤ ሞተር ሲነሳ ልትጠፋ ይገባታል። በአዲስ አበባ ግን በርታ የምትውልባቸው መኪኖች ስፍር ቁጥር የላቸውም። ታክሲ ይዛችሁ ጋቢና ከተቀመጣችሁ ዓይናችሁን ጣል አድርጉ። «ይቺ ምንድን ናት?» ብላችሁ ብትጠይቁ የምታገኙት መልስ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ «ዝም ብላ ነው»፣ «ሴንሰር ነው፣ ችግር የለውም»፣ ወይም «ስገዛትም እንዲህ ነበረች»። ጥቁር ፕላስተር የለጠፈባት ሰው አይቻለሁ። አምፖሏን አስነቅሎ እፎይ ያለም አለ። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲሉ፣ በሽተኛው ራሱ «አመመኝ» እያለ ሲጮህ አፉን በፕላስተር የሚያሽግ አስታማሚ ይመጣል ብለው የጠረጠሩ አይመስለኝም።

ጠቤ ከመብራቷ ጋር አይደለም። ከሹፌሩ ጋር ብቻም አይደለም። ጠቤ መመርመርን ትቶ መቀየርን፣ መቀየሩ አልሆን ሲለው ደግሞ ማጥፋትን ሙያ ብሎ ከያዘው ልማዳችን ጋር ነው። «መኪና የለኝ፣ ምን አገባኝ?» የሚል አንባቢም ገጹን ለመግለጥ አይቸኩል። በቅጡ ያልተቃጠለውን ቤንዚን ጭስ የሚምገው በእግሩ የሚሄደው ነው። በከንቱ ሦስት ጊዜ የተቀየረ ዕቃ ዋጋም ዞሮ ዞሮ የሚመጣው ከተሳፋሪው ኪስ ነው።

በመጀመሪያ ይህ «ኮድ» የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ እንነጋገር። የተወለደው ለጥገና ሳይሆን ለአየር ንጽሕና ነው። በመኪና ጭስ ስትታፈን የኖረችው ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ1988 ሞዴል ጀምሮ በግዛቷ የሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች የጭስ መቆጣጠሪያቸውን ራሳቸው እንዲከታተሉና ሲበላሽ በመብራት እንዲያስታውቁ አስገደደች። ከ1996 ሞዴል ወዲህ በመላው አሜሪካ አንድ ወጥ ሥርዓት ተደነገገ። አውሮፓም የቤንዚን መኪኖቿን ከ2001 ጀምሮ እዚሁ መስመር ውስጥ አስገባች። ዛሬ መካኒኩ ኪሱ ከቶት የሚዞረው ትንሽ ማንበቢያ የማንኛውንም ፋብሪካ መኪና የሚያነበው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ በፊት በነበሩት መኪኖች ነገሩ ሌላ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተሠራ ቶዮታ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ከአንዲት ትንሽ ሳጥን ውስጥ «ቲኢ1» እና «ኢ1» የሚባሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ ማገናኘት ነው። ያን ጊዜ መብራቷ መጥቀስ ትጀምራለች። ሁለቴ ጠቀስ፣ ትንሽ ፋታ፣ አምስት ጊዜ ጠቀስ፤ 25 ማለት ነው፤ «ድብልቁ ሳስቷል»። የዚያ ዘመን መካኒክ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ይቆጥር ነበር። ቆጥሮ ሲጨርስም ሥራው ገና መጀመሩን ያውቅ ነበር።

የዛሬው ልጅ ማንበቢያውን ሰክቶ በአሥር ሰከንድ «ፒ 0171» የሚል ቃል ያገኛል። ምን ማለት ነው? ፊደሏ ጉዳዩ የሞተርና የኃይል ማስተላለፊያው መሆኑን ትነግረናለች። ዜሮዋ ኮዱ የፋብሪካዎች ሁሉ የጋራ መሆኑን፣ አንዷ ነገሩ የአየርና የነዳጅ ልኬት መሆኑን፣ 71 ደግሞ ዝርዝሩን ታመለክታለች። ሲጠቃለል ኮምፒውተሩ የሚለው ይህን ነው፤ «አየሩ በዝቷል፣ ቤንዚኑ አንሷል። ቤንዚን ብጨምር ብጨምር አልሞላ ብሎኝ የማስተካከል አቅሜ ጫፍ ላይ ደርሻለሁ።» በቃ። አየሩ ለምን እንደበዛ አልተናገረም። የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ ሊሆን ይችላል። የሚገባውን አየር የሚለካው ሴንሰር ቆሽሾ ሊሆን ይችላል። የቤንዚን ፖምፓ ደክሞ፣ ፊልትሮ ተደፍኖ፣ ወይም የጭስ ማውጫው ከሴንሰሩ በፊት ተበስቶ ሊሆን ይችላል። አምስት ተጠርጣሪ፣ አንድ ክስ።

እኛ ዘንድ ግን ክሱ ሲነበብ ፍርዱም አብሮ ይነበባል። «ኦክስጅን ሴንሰር ነው፣ ይቀየር!» ለምን? ወሬውን ያመጣው እሱ ስለሆነ ነዋ! በጭስ ማውጫው ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን አይቶ «ድብልቁ ሳስቷል» ብሎ የመሰከረ ምስኪን ሴንሰር በመመስከሩ ይነቀላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የታዘብኩት አንድ ነገር አለ። ለተማሪ ቅኔ ስትሰጡት ገና የመጀመሪያውን ትርጉም እንደያዘ እጁን ያወጣል። ሰሙን አግኝቷል። ሰሙ ውሸት አይደለም፤ ቃሉ እዚያው አለ። ወርቁን የሚያገኘው ግን «ይህ ቃል እዚህ ምን ይሠራል? ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ብሎ የቆየው ነው። ማንበቢያ መሣሪያውም ያው መዝገበ ቃላት ነው። መዝገበ ቃላት የገዛ ሁሉ ቅኔ ፈታ ማለት አይደለም።

አንድ የማውቀው ወጣት አለ። እ.ኤ.አ. የ2004 ሞዴል ኮሮላ በብድር ገዝቶ፣ በስልክ ጥሪ ተሳፋሪ እያመላለሰ ቤተሰብ ያስተዳድራል። ኅዳር ላይ መኪናዋ ጠዋት ጠዋት ሚኒሞ አልይዝ አለች። ትራፊክ መብራት ላይ ስትቆም ትንቀጠቀጣለች፤ ነዳጅ ሲረግጥላት ትረጋጋለች። ብርቱካናማዋም በራች። የመጀመሪያው ጋራዥ ፒ 0171ን አንብቦ ኦክስጅን ሴንሰር ቀየረ፣ ኮዱን አጠፋ። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ በራች። ሁለተኛው ካንዴላና ቦቢና ቀየረ፣ አጠፋ። በራች። ሦስተኛው «ፖምፓው ነው» አለ፤ ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ፖምፓ አስመጣና ገጠመ፣ አጠፋ። በራች። ልጁ በሦስት ሳምንት ውስጥ ስምንት የሥራ ቀን፣ ከኪሱም የሁለት ወር የቤት ኪራይ ከሰረ። ሦስቱም ጋራዦች ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅሙ ነበር የከረሙት። ሦስቱም ግን ተከፍሏቸዋል።

አራተኛው ጋራዥ እንኳ የሚባል አልነበረም። አንድ ግቢ ውስጥ ሸራ ወጥረው የሚሠሩ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ናቸው። ልጁ ታሪኩን ሲነግራቸው ኮፈኑን እንኳ አልከፈቱም። «መቼ ነው የሚብስባት?» አሉት። «ጠዋት ነው ጋሼ። ሲሞቃት ይሻላታል።» «በል እንግዲያው እዚሁ ትደር። ነገ በ12 ሰዓት ና። እስክትመጣ እንዳትነሳ።» ልብ በሉልኝ፤ ምርመራው እዚች ላይ ተጀመረ። ሦስቱ ጋራዦች መኪናዋን ያዩዋት እኩለ ቀን ላይ፣ ሞቃ፣ ደህና በሆነችበት ሰዓት ነው። እኚህ ሰው ግን በሽተኛዋን ሲያማት ሊያዩዋት ፈለጉ።

በማግስቱ ያንኑ ዓይነት ማንበቢያ ሰኩ። ኮዱን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፉት እንጂ አላጠፉትም። ከዚያ ሌሎቹ ያላዩትን ገጽ ከፈቱ፤ ኮምፒውተሩ በመቶኛ ምን ያህል ቤንዚን እየጨመረ እንደሆነ የሚያሳየውን። በሚኒሞ ቁጥሩ ከፍ ብሏል። ልጁን «ርገጥ» አሉትና ዙሩ 2,500 ሲደርስ ቁጥሩ ወረደ። «ፖምፓው ቢሆን ኖሮ ስትረግጠው ይብስ ነበር» አሉት። «ቀዳዳ ግን በሚኒሞ ነው የሚጎዳት፤ ያኔ የምትስበው አየር ጥቂት ስለሆነ የተሰረቀችው ትንሿም ብዙ ትሆናለች።» ቀጥለው ውኃ በመርጫ ጠርሙስ ይዘው የአየር ማስገቢያውን ዙሪያ ጠብ ጠብ አደረጉ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ መንቀጥቀጡ ለአፍታ ቀጥ አለ። በአየር ማስገቢያውና በሞተሩ መካከል የምትቀመጠው የጎማ ጋስኬት አርጅታ ደርቃ ነበር። ሲበርዳት ትኮማተርና አየር ታሾልካለች፤ ሲሞቃት ለጠጥ ብላ ትዘጋለች። የዚያ ዘመን ኮሮላ ሞተር በዚህች ጋስኬት የታወቀ ነው። ዋጋዋ በከንቱ ከተቀየሩት ዕቃዎች ከየትኛውም ያነሰ ነበር።

እኚህ ሰው አስማተኛ አይደሉም። ጠየቁ፣ ጠበቁ፣ አነጻጸሩ፣ ፈተኑ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ መፍቻ አነሱ። ይህ ለማንም የተዘጋ ጥበብ አይደለም። ኮዱ «ፒ 0303» ቢሆን፣ ማለትም ሦስተኛው ሲሊንደር አልተኮሰም ቢል፣ አራት ቦቢና መግዛት ምን አስፈለገ? ሁሉም ሲሊንደር የየራሱ ቦቢና ባለው መኪና የሦስተኛውን ቦቢና ነቅሎ ወደ አራተኛው፣ የአራተኛውን ወደ ሦስተኛው ማዛወር ነው። ሕመሙ አብሮ ወደ አራተኛው ከሄደ ጥፋተኛው ቦቢናው ነው። እዚያው ሦስተኛው ላይ ከቀረ ካንዴላውን፣ ነዳጅ መርጫውን፣ የሲሊንደሩን እምቅታ እያሉ መፈተሽ ይቀጥላል። ይህ ፈተና ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አንዲት ሳንቲም አያስወጣም።

የሰው አገር ቁጥር እንዳለ መገልበጥም የዚሁ በሽታ አካል ነው። ብዙ መጻሕፍትና ቪዲዮዎች «ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ የመምጠጥ ኃይሉ ከ17 እስከ 21 ኢንች ያሳያል» ይላሉ። ይህ ቁጥር ለባሕር ዳርቻ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየሯ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ገደማ ይቀነሳል። እዚህ 12 ኢንች ያሳየ ሞተር ደህና ሊሆን ይችላል። ይህን ያላወቀ ግን «ሞተሩ ሞቷል፣ ይውረድ» ብሎ ይፈርድበታል። ጤነኛ ሞተር በሰው አገር ቁጥር ተመዝኖ ቴስታታው ይገነጠላል።

አሁን ወደ ከፋው ነገር ልምጣ፤ ወደ ማጥፋቱ። ኮድ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ የዚያችን ቅጽበት ሁኔታ አብሮ ያስቀምጣል። መኪናዋ በምን ፍጥነት ትሄድ ነበር? ሞተሩ ምን ያህል ሞቆ ነበር? ዙሩ፣ ጭነቱስ? ይህ ለመርማሪ ወርቅ የሆነ ማስረጃ ነው። «አጥፋ» የምትለዋ ቁልፍ ስትጫን መብራቷ ብቻ አይደለችም የምትጠፋው፤ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። ሌባ ገብቷል ተብሎ የተጠራ መርማሪ ከሁሉ በፊት ወለሉን በኦሞ ቢያጥብ ምን ትሉታላችሁ? በየጋራዡ በየቀኑ የሚሆነው ይኸው ነው። መኪና ሊሸጥ ነው፤ ይጥፋ። ክላውዶ ደርሷል፤ ይጥፋ። ገዢው ቤቱ ሳይደርስ፣ ወይም ቦሎው ከተለጠፈ በኋላ በሳምንቱ ትበራለች። ያን ጊዜ «አንተ ጋ ነው የተበላሸችው» ይባላል። ይህ ጥገና ሳይሆን ማጭበርበር ነው። በስሙ እንጥራው።

መብራቷ እየበራች እየጠፋች ስትጠቅስ ደግሞ ቀልድ የለም። ሲሊንደር እየሳተ ነው፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እየወረደ ካታላይዘሩን እያጋለና እያቀለጠ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ዳር ይዞ መቆም ይገባል። ስንቱ ሹፌር ይህን ያውቃል? ማንስ ነገረው?

ነገሩ ከጋራዥ አጥር ውጭም የምናውቀው ነው። በጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲነገር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሰማን። ያ ቁጥር ኮድ ነበር። ገሚሱ ሴንሰሩ ላይ ተነሳ፤ «ፈተናው ነው ጥፋተኛ» አለ። ገሚሱ ዕቃ ቅየራ ጀመረ፤ መምህሩ ይቀየር፣ መጽሐፉ ይቀየር፣ ሥርዓተ ትምህርቱ ይቀየር። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ደግሞ ኩረጃ መብራቷን እንደ ፕላስተር ሸፍኗት ነበር። ቀዳዳው ስንተኛ ክፍል ላይ እንደሆነ ለማወቅ በብርድ ሰዓት መጥቶ የሚያዳምጥ ግን ጥቂት ነው። መኪናና ትምህርት ቤት አንድ አይደሉም። ለሁለቱም ምልክት የምንሰጠው መልስ ግን አንድ ነው።

ታዲያ መካኒኩን ብቻ እንውቀስ? አይሆንም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ይህን ልማድ በገንዘባችን የምንቀልበው እኛ ነን። አንድ መካኒክ ሦስት ሰዓት ፈልጎ «ጎማዋ ቱቦ ናት፤ ቀይሬልሃለሁ፤ የፍለጋዬን ይህን ያህል ክፈለኝ» ቢለን ምን እንላለን? «ለማየት ብቻ? ምን ሠራህና!» አምስት ዕቃ የቀየረውን ግን ደረሰኙን አይተን አመስግነን እንከፍላለን፤ ዕቃው በዓይን ይታያላ! አእምሮ ግን በካርቶን ታሽጎ አይመጣም። ስለዚህ የሚያስበው መካኒክ ጦሙን ያድራል፤ የሚቀይረው ከዕቃ ሻጩም ኮሚሽን እየተቆረጠለት ጋራዡን ያሰፋል። አጠገቡ ቆሞ መፍቻ የሚያቀብለው ረዳትም የትኛው መንገድ እንደሚያበላ አይቶ ይማራል። በዚህ ዓይነት ሙያ የሚሞተው በአንድ ትውልድ ነው።

«ሹፌሩ ጊዜ የለውም፤ መኪናዋ አንድ ቀን ከቆመች ልጆቹ አይበሉም» የሚል ክርክር እሰማለሁ። ከባድ ክርክር ነው፤ አላቃልለውም። ግን መልሱ ልጁ ራሱ ነው። ለአንድ ሌሊት ማቆም የፈራ ስምንት ቀን ቆመ። ድሃ ሰው ከሁሉ አብልጦ የማይችለው ወጪ የግምት ወጪ ነው። ሀብታም ቢሳሳት ሌላ ይገዛል።

ደግሞም ጊዜው እንደ ቀድሞው አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ ሶማሌ ተራ የወረደ ሁሉ ያውቃል። ይህ ሁሉ አንድ ነገር ይነግረናል፤ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። በስህተት የተቀየረ እያንዳንዱ ሴንሰር በዶላር የተገዛ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ አሮጌ ሞተርን አድምጦ መረዳት የድሃ አገር ቅንጦት ሳይሆን የቁጠባ መጀመሪያ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናም መጣ ብላችሁ እንዳትዘናጉ። እሱም ኮድ አለው፤ የእሱ ባትሪ ደግሞ በግምት የሚቀየር ዕቃ አይደለም።

ምን ይደረግ? ለባለ ጋራዡ፤ ዕቃ ከመቀየርህ በፊት «ይህ ዕቃ መበላሸቱን በምን አረጋገጥህ?» ለሚለው ጥያቄ የአንድ መስመር መልስ ደረሰኙ ላይ ጻፍ። የምርመራ ዋጋህንም ለብቻው አስቀምጥ፤ አታፍርበት። ለክላውዶ መርማሪው፤ መብራቷ መጥፋቷን ብቻ አትይ። ኮድ በቅርቡ ከተደመሰሰ ኮምፒውተሩ ራሱን ፈትሾ እንዳልጨረሰ በማንበቢያው ላይ በግልጽ ይታያል፤ እሱን እይ። ገዢም ይህንኑ ይጠይቅ። ለእኛ ለባለ መኪኖቹ ደግሞ፤ ኮዱ ሳይጻፍ አይጥፋ፤ የተነቀለውን ዕቃ ይዘን እንውጣ፤ ሕመሙ መቼ እንደሚብስ፣ በብርድ ነው በሙቀት፣ ቆሞ ነው እየሄደ፣ አስተውለን እንናገር። ለሐኪም «አመመኝ» ብሎ ዝም የሚል በሽተኛ የለም።

ከሁሉ በላይ ግን ነገ ጋራዥ ስትገቡ የመጀመሪያ ቃላችሁ «አጥፋልኝ» መሆኑ ይቅር። «ፈልግልኝ» በሉት። ፈልጎ ሲያገኝም፣ ያገኘው የጣት ቁመት የማታህል ቱቦ ብትሆን እንኳ፣ የፍለጋውን ዋጋ ሳታጉረመርሙ ክፈሉት።